ዊንዶውስን ወደ አዲስ ስሪት ለማሻገር ቀን መምረጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ለአቃቂ ቃሊቲ የሂሳብ ሠራተኞች እጅግ በማይመች ወቅት ላይ ነበር የዋለው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሂሳባቸውን አጠናቀው የሚያሳውቁበት አራት ወር ጥቅምት 30 ያልቃል። በክፍለ ከተማው ባሉ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የጭነት ድርጅቶች፣ በቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያ ባሉ የትራንዚተር ቢሮዎችም ኮምፒውተሩ «አዲሱን ስሪት ጫኑ» እያለ ሲወተውት፣ ሠራተኛው ደግሞ ሂሳቡ ሳይዘጋ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ አንዳንዱ ማሳሰቢያው ስለሰለቸው ብቻ «እሺ» ብሎ ስሪቱን ይጭነዋል። ሌላው ደግሞ ማሳሰቢያውን በመጣ ቁጥር እየዘጋው ለዓመታት ይተወዋል። ሁለቱም ውሳኔውን ለአጋጣሚ አሳልፈው ሰጥተዋል። በየወሩ የሚመጣው የደህንነት ማሻሻያ መዘግየት የለበትም። ትልቁ የስሪት ለውጥ ግን ከራስ የሥራ ወቅት ጋር ታይቶ፣ ዝግጅት ተደርጎበት፣ በተመረጠ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። የአሮጌው ስሪት ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ደግሞ የምርጫው የመጨረሻ ወሰን ነው።

ሁለቱን መለየት የግድ ነው። ማይክሮሶፍት በእነሱ አቆጣጠር በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ የደህንነት ማሻሻያ ይለቃል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ማክሰኞ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩን መልክ ብዙም አይለውጥም፣ አዲስ ነገር እንድንማርም አያስገድደንም። ዋና ሥራው የተገኙ ቀዳዳዎችን መድፈን ነው። ከዚህ ሌላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ አዲስ ስሪት ይወጣል። 24ኤች2፣ 25ኤች2 እየተባሉ የሚጠሩት የዊንዶውስ 11 ስሪቶች እነዚህ ናቸው። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሻገር ደግሞ ከሁሉም የከበደው ነው፤ የኮምፒውተሩን አካልም ይመርጣልና።

ወርሃዊው ለምን አይዘገይም? ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች 200 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ የመኪና ፋብሪካዎች ምርት አቆሙ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ከለቀቀው ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ለሌሎች ኩባንያዎች ቺፕ በመሥራት በዓለም ትልቁ የሆነው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ የዚሁ ቫይረስ ዝርያ ገብቶበት ፋብሪካዎቹ ቆሙ። አዲስ ማሽን ሲተከል ሶፍትዌሩ በቫይረስ መፈተሻ ሳያልፍ ከፋብሪካው መረብ ጋር ተገናኘ፤ በውስጥ የነበሩት ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮችም ማሻሻያውን አልጫኑም ነበር። ከማሽን ወደ ማሽን በፍላሽ ፋይል የሚያዘዋውር የአቃቂ ፋብሪካ ይህን ታሪክ የሩቅ ወሬ አድርጎ ሊያልፈው አይገባም።

የዓመቱ ትልቅ ስሪት ግን በወጣ ማግስት መጫን የለበትም። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የተለቀቀው የዊንዶውስ 10 ስሪት የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል አጠፋ። ችግሩ የደረሰው ዶክመንትስንና መሰል ማኅደሮችን ከመጀመሪያ ቦታቸው ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ ዲ ድራይቭ፣ አዙረው በአሮጌው ቦታ ፋይል ያስቀሩ ሰዎች ላይ ነበር። ማሻሻያው አሮጌውን ማኅደር ባዶ መስሎት ጠረገው። የተጎዳው ቁጥር ከጠቅላላው ትንሽ ቢሆንም ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ስርጭቱን አቁሞ ያረመውን የለቀቀው ኅዳር 4 ነበር። ማኅደርን ወደ ዲ ማዞር በእኛም አገር ጠጋኞች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የጫነ ሰው የዚያ አደጋ ሰለባ ሊሆን ይችል ነበር።

ሠሪዎቹ ራሳቸውም ይጠብቃሉ። ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን 24.04 ስሪት ያወጣው ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢሆንም፣ የቀድሞውን የረጅም ጊዜ ስሪት ለሚጠቀሙ ሰዎች ማሻገሪያውን ማቅረብ የሚጀምረው የመጀመሪያው የእርማት ስሪት ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱም የወጣው ነሐሴ 23 ነበር። አራት ወር መሆኑ ነው። ማይክሮሶፍትም በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ችግር ሲያገኝ ለዚያ ዓይነት አዲሱን ስሪት አያቀርብም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው 24ኤች2 በአንዳንድ የመረጃ ማከማቻና የድምፅ ክፍሎች ምክንያት ከብዙ ማሽኖች ተከልክሎ ቆይቷል። ስለዚህ ጎረቤት ቢሮ የደረሰው አዲስ ስሪት ለእርስዎ ካልመጣ በፍላሽ አስገድዶ መጫን አይገባም፤ ያልመጣው ምክንያት ኖሮት ይሆናልና።

ታዲያ ምን ያህል ይጠበቅ? የእኔ ፍርድ ለሥራ ኮምፒውተር ስሪቱ ከወጣ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ለቤት ኮምፒውተር አንድ ወር ገደማ ነው። ይህ ወርሃዊ እርማቶች ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲደርሱ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በላይ መቆየቱ ብዙም አይጠቅምም። ለሆምና ለፕሮ እትሞች እያንዳንዱ የዊንዶውስ 11 ስሪት ድጋፍ የሚያገኘው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ እየቆዩ መቆየት መጨረሻው ድጋፍ አልባ መሆን ነው። የ24ኤች2 ሆምና ፕሮ ድጋፍ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል፤ በዊንዶውስ 10 ላይ ለቀሩ ግለሰቦች የተሰጠው ተጨማሪ የደህንነት ጊዜም ማብቂያው ያው ቀን ነው። እንደገና የግብር ወቅት ላይ ወደቀ ማለት ነው። እስከዚያ ቀን የሚጠብቅ ቢሮ የራሱን ጥድፊያ ራሱ እያዘጋጀ ነው።

ለአቃቂ ቃሊቲ የንግድ ድርጅት አመቺው ወቅት ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ነው። ሰኔ የቆጠራና የሂሳብ መዝጊያ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የግብር ነው። በኅዳር መጨረሻ ከተጀመረ አዲሱ ስሪት ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል፤ ሂሳቡም ገብቷል። በወሩ ውስጥ ደግሞ የደመወዝና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ቀናትን መሸሽ ነው። ለትራንዚተር ዕቃ ወደብ ወይም መጋዘን ገብቶ ዲክላራሲዮን የሚጠበቅበት ሳምንት አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ በቆመ ቁጥር የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጨረሰ ያለ ተማሪም ጽሑፉን አስረክቦ ቢያደርገው ይሻላል።

ከሳምንቱ ቀን ቅዳሜ ከሰዓትን እመርጣለሁ። ሥራ ይቆማል፣ እሑድ ለመፈተሽ ይተርፋል፣ ሰኞ ጠዋት የጠጋኝ ሱቅ ይከፈታል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለጥገና መብራት እንደሚያቋርጥ ያስታወቀበት ቀን እንዳይሆን አስቀድሞ ማየት ነው።

መብራቱ ቀላል ነገር አይደለም። ትልቁ ማሻሻያ በቀርፋፋ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በመካከል ኮምፒውተሩ ደጋግሞ እየጠፋ ይነሳል። መብራት ቢሄድ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይሞክራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይሁን። ለዴስክቶፕ፣ ዶክመንት ለማስቀመጥ ያህል ጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ዩፒኤስ አይበቃም፤ ጀኔሬተር ባለበት ቢሮ ወይም መብራቱ በሚረጋበት ሰዓት ይሠራ።

ኢንተርኔቱም እንዲሁ ዝግጅት ይፈልጋል። የዊንዶውስ 11 ሙሉ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ፓኬጅ የሚሠራ ሰው ግንኙነቱን ሴቲንግስ ውስጥ የሚቆጠር ብሎ ካመለከተ ትልልቆቹ ማሻሻያዎች ሳያስፈቅዱ ፓኬጁን አይበሉበትም። ብዙ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በማይክሮሶፍት የራሱ መሣሪያ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ባለው ፍላሽ ላይ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ለሁሉም ይጠቀምበታል። ኮምፒውተሩ በሥራ ሰዓት ራሱን እንዳያጠፋ የሚከለክለው አክቲቭ አወርስ የሚባለው ማስተካከያ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሞላው፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት የሚሠራ ቢሮ ከ8 እስከ 17 ብሎ መሙላት አለበት።

ከቀኑ በፊት የሚሠራው ሥራ ከቀኑ ሥራ ይበልጣል። በእኛ አገር በብዙ ቢሮ የሂሳቡ ልብ ፒችትሪ ነው። ሴጅ የተባለው ባለቤቱ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ እዚህ ግን ዛሬም ድረስ እንደ 2010 ያሉ አሮጌ እትሞች ሥራ ላይ አሉ። እነዚህ እትሞች ሲሠሩ ዊንዶውስ 11 አልነበረም፤ እንዲሠሩበትም አልተፈተኑም። ከበስተጀርባ ፐርቬሲቭ የተባለ የመረጃ ቋት ያንቀሳቅሳሉና፣ ፕሮግራሙ ቢከፈት እንኳ መረጃው ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉን ዋና ኮምፒውተር ማንም መጀመሪያ አይንካው። በሌላ፣ ብዙም በማይፈለግ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ዊንዶውስ ጭኖ፣ ፒችትሪን ከነባካፑ አስገብቶ፣ አንድ የሽያጭ ደረሰኝ መዝግቦ፣ የሂሳብ ሚዛኑን አውጥቶ፣ አትሞ ማየት ነው። እዚያ ከሠራ ዋናው ተራውን ይጠብቅ። ካልሠራ ድርጅቱ ከዊንዶውስ በፊት ስለ ሂሳብ ፕሮግራሙ መወሰን አለበት፤ ይህንንም በግንቦት ከማወቅ በኅዳር ማወቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ውሎች እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ያለው በእርግጥ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ኮምፒውተሩ ተጠርጎ ፎንቱ ከጠፋ የድርጅቱ የቆየ ሰነድ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ከማሻሻያው በፊት የፎንቶቹን ፋይልና የመጻፊያ ፕሮግራሙን መጫኛ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ጭንቀት ያስቀራል።

ኒያላ የተባለው ፎንትም የራሱ ታሪክ አለው። ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ዋናው የግዕዝ ፎንት ኤብሪማ ሆኖ ኒያላ በአማራጭ ከሚጨመሩት ውስጥ ገባ። በኒያላ የተዘጋጀ ደብዳቤ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት መስመሩ የሚዘበራረቀው፣ የአንዱ ገጽ ጽሑፍ ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው በዚህ ነው። መፍትሔው ሴቲንግስ ውስጥ ከአማራጭ ክፍሎች የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን መጨመር ነው። ቀላል ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደብዳቤው በሚፈለግበት ጠዋት ሳይሆን በማሻሻያው ዕለት ይጨመር።

ፕሪንተርና ስካነርም ድራይቨራቸው ከአዲሱ ጋር መስማማቱን ከአምራቹ ገጽ ማረጋገጥ ይገባል፤ በተለይ የቆዩት።

ባካፕ ሳይወሰድ የሚጀመር ማሻሻያ መጀመር የለበትም። ከኮምፒውተሩ ውጪ በሆነ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያም ያ ሃርድ ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር ተሰክቶ ፋይሎቹ ይከፈቱ። ዲ ድራይቭ ላይ የተገለበጠ ፋይል ባካፕ አይባልም፤ ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸውና። ሃርድ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻውን ረጅም ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከማሻሻያ በኋላ ኮምፒውተሩ ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉን ጠጋኝም ሆነ ማይክሮሶፍት ሊያወጣው አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ጠጋኞች አንድ ነገር መናገር አለብኝ። «ዊንዶውሱን አድስልኝ» ተብሎ የተወሰደ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ይመለሳል። ፎርማት ማድረግ ያለውን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ማሻገር ግን ፋይልና ፕሮግራምን ይዞ ማለፍ ነው። ጠጋኙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፎርማት ለእሱ ፈጣን ነው፣ የቫይረስ ጥያቄም አይመጣበትም። ደንበኛው ግን ዴስክቶፕ ላይ የነበረው የአምስት ዓመት ሥራ መጥፋቱን የሚያውቀው ቤት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ፋይሎቼ ባሉበት ይሻገር ብሎ በግልጽ መናገር፣ ባካፑንም ራስ ይዞ መሄድ ነው። ሌላው፣ ፈቃድ ለሌለው ዊንዶውስ ክራክ ሲጫን ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱና ወርሃዊ ማሻሻያው አብረው ይዘጋሉ። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ማሳሰቢያ ስለማያበዛ ደህና ይመስለዋል፤ ለዓመታት አንድም ቀዳዳ ሳይደፈን ግን ይቆያል። ክራኩ ራሱም ቫይረስ ይዞ የሚገባበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማሻሻያው ካለቀ በኋላ ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው ስሪት የሚመለስበት አሥር ቀን ይሰጣል። አሥሩ ቀን ለመፈተሻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ የቀድሞው ዊንዶውስ ማኅደር አይጥፋ። ደመወዝ ይሠራ፣ ደረሰኝ ይታተም፣ የግብርና የጉምሩክ ገጾች ይከፈቱ፣ በአማርኛ ይጻፍ። አንድ ሙሉ ወር የሂሳብ ዑደት ማየት የሚፈልግ ቢሮ፣ አሥሩ ቀን ሳያልፍ በባለሙያ ትእዛዝ ይህን ጊዜ እስከ 60 ቀን ማስረዘም ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ለሂሳብ ክፍል ግን ከዚህ የሚጠቅም ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። በአቃቂ የብረትና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ውስጥ ማሽን የሚያዝ ኮምፒውተር ካለ፣ በዊንዶውስ ኤክስፒም ይሁን በ7፣ የማሽኑ አምራች ሳይፈቅድ ስሪቱ አይቀየር። የማሽኑ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ካልሠራ የሚቆመው ምርቱ ነው። ይልቅ ከኢንተርኔትና ከቢሮው መረብ ይነጠል፣ ለእሱ ብቻ የተለየ ፍላሽ ይኑረው፣ ፍላሹም በገባ ቁጥር በተሻሻለ ኮምፒውተር ላይ ይፈተሽ። የሃርድ ዲስኩ ሙሉ ቅጂም አስቀድሞ ይወሰድ፤ ሃርድ ዲስክ ሲያረጅ መሞቱ አይቀርም።

ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ሰዎችስ? መስፈርቱ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና በአብዛኛው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከራይዘን 2000 ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ነው። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የተባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም በደቂቃ ውስጥ ይናገራል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ አንዳንዴ ቲፒኤሙ ኖሮ ስለተዘጋ ብቻ ነው፤ ጠጋኝ በባዮስ ውስጥ ሊከፍተው ይችላል። መስፈርቱን በዘዴ አልፎ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች ማሻሻያ እንደሚደርሳቸው ዋስትና አይሰጥም፤ ለሥራ ኮምፒውተር አልመክረውም። የመጨረሻውን የዊንዶውስ 10 ስሪት 22ኤች2 የሚጠቀም ግለሰብ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን በማመሳሰል ተጨማሪውን የደህንነት ጊዜ ያለ ክፍያ ማግኘት የሚችልበት መንገድ ተቀምጧል። ለድርጅቶች ግን በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል። ይህን በውጭ ምንዛሪ ከመክፈል ገንዘቡን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ማዞር ይሻላል። ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ኡቡንቱ ቢጫንበት ድጋፍ ሳይቋረጥበት ዓመታት ያገለግላል፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

በዚህ ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስቡ ሻጩን «ኮር አይ ፋይቭ ነው?» ብለው ብቻ አይለፉት። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ያስነብቡ። በኢንቴል ከአይ ፋይቩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ከሆነ፣ በጣም ጥቂት ከሆኑት በቀር፣ ዊንዶውስ 11 ማይክሮሶፍት በሚደግፈው መንገድ አይገባበትም፤ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ይውሰዱ። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ይክፈሉት።